ሰባ ቦታ አመልክቼ የጠሩኝ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የት ጋ ነው የምሳሳተው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በ2015 ዓ.ም. ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባ ገደማ ቦታ አመልክቻለሁ፤ የጠሩኝ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ናቸው። አንደኛው ጋ ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ። በመሃል አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሽያጭ እየመዘገብኩ፣ ገንዘብ እየተቀበልኩና ዕቃ እየቆጠርኩ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሠርቻለሁ። የዘመድ ቤት ስለሆነ ግን ሲቪዬ ላይ አላስገባሁትም። ሰው ሁሉ ሥራ በዘመድ ነው ይለኛል። ማስተርስ ልጀምር ወይ እያልኩ ነው። ሲቪዬንና አንዱን ማመልከቻዬን አያይዣለሁ፤ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሲቪሽንም ደብዳቤሽንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። ችሎታሽን እስካሁን የመዘነው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ማመልከቻዎችሽ የቀሩት ስለ ብቃትሽ ማንም ሳያስብ፣ ገና ማጣሪያው ላይ ነው። ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት እዚያው ማጣሪያው ላይ ነው። ወረቀት እንዴት ተለይቶ እንደሚቀር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። የምዝገባው ቀን ሲያልቅ አንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ ኤክሴል ይከፍታል። በአንድ በኩል የአመልካቾች ስም ይደረደራል። በላይ በኩል ማስታወቂያው የጠየቃቸው ነገሮች ይጻፋሉ፦ የትምህርት ዓይነት፣ የምረቃ ዓመት፣ ሲጂፒኤ (አማካይ የትምህርት ውጤት)፣ የሥራ ልምድ፣ የመውጫ ፈተና፣ ስልክ። ከዚያ ሲቪዎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ሠንጠረዡ ይሞላል። «ዜሮ ዓመት» ለተባለ፣ ማለትም ልምድ ለማይጠይቅ የጁኒየር አካውንታንት ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ያመለክታል። ሠንጠረዡን የሚሞላው ሠራተኛ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። የሚፈልገውን ነገር በሲቪሽ ላይ ቶሎ ካላገኘ ሣጥኑን ባዶ ይተወዋል። ባዶ ሣጥን ያለበት ስም መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ ይወጣል። ክፋት የለበትም። አለቃው «ለምን ይህቺን ጠራሃት?» ቢለው የሚያሳየው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ዋናው ስህተት፣ የአንቺም የብዙ ሰውም፣ ሁሉንም ማስታወቂያ እንደ አንድ ማስታወቂያ ማየት ነው። አንድ ሲቪ ተዘጋጅቶ ለባንኩም፣ ለአስመጪውም፣ ለእርዳታ ድርጅቱም፣ ለሆቴሉም ይላካል። የላክሽልኝ ደብዳቤ ለአንድ አስመጪ ድርጅት የተጻፈ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን «በባንካችሁ ተቀጥሬ ለማገልገል» ይላል። ያንን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ አንቺን አያነብም። ደብዳቤው ለእሱ እንዳልተጻፈ ገብቶታል።

ሰባ ቦታ ማመልከትሽ ጥረትሽን ያሳያል። እኔ ግን በወር አሥር ቦታ ብቻ፣ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በደንብ አንብበሽ ብታመለክቺ እመርጣለሁ። ማንበብ ስል መስመር በመስመር ማለቴ ነው። ማስታወቂያውን ወረቀት ላይ ገልብጪው። የጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር አስምሪበት። ከዚያ ሲቪሽን ከጎኑ አስቀምጪና «ይህ መልሱ የት አለ?» እያልሽ ፈልጊ። ያልተመለሰ ነገር ካለና አንቺ ጋ ካለ ጨምሪው። ከሌለሽ ደግሞ ግዴታ ነው ወይስ ተመራጭ ብለሽ ለዪ። «ተመራጭነት ይኖረዋል» ተብሎ የተጻፈ ነገር ስለሌላት ብቻ ሳታመለክት የቀረች ብዙ ልጅ አለች። በአንጻሩ «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ» ለሚል ማስታወቂያ በዜሮ ዓመት የሚያመለክት አለ። ሁለቱም ማስታወቂያውን አላነበቡትም።

ሲቪሽ ላይ የመውጫ ፈተናው የለም። ጥያቄሽ ላይ ግን አልፌያለሁ ብለሻል። ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው በአንቺ ዓመት፣ በ2015 ነው። አሁን ብዙ ማስታወቂያ በስም ይጠይቀዋል። አንቺ ይዘሽው ሳትጽፊው ቀርተሻል። ሠንጠረዡ ላይ ያ ሣጥን ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሲጂፒኤሽም የተጻፈው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያሽ በታች ነው። ወደ መጀመሪያው ገጽ አምጪው፣ ከዲግሪው ጎን።

ዓመተ ምሕረቱ ሌላ ጉድ ነው። በእንግሊዝኛ በጻፍሽው ሲቪ ላይ የምረቃ ዓመትሽን 2015 ብለሻል፤ ምንም ምልክት የለውም። ያገር ልጅ ሊገባው ይችላል። ለውጭ ድርጅት ስትልኪው ግን አንባቢው በአውሮፓውያኑ 2015 ነው ብሎ ያነበዋል። ያኔ አንቺ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ተመርቀሽ ምንም ሳትሠሪ የኖርሽ ሰው ትሆኛለሽ። የአንቺ ሐምሌ 2015 በእነሱ ሐምሌ 2023 ነው። በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ሁሉንም ቀን ወደ አውሮፓውያኑ ለውጪ። በአማርኛው ላይ ሁሉንም በእኛ አድርጊና «ዓ.ም.» በይበት። መቀላቀል አይሆንም። ስትቀይሪም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያለው ላይ ተጠንቀቂ። ጥቅምት 2016 በእነሱ 2023 ነው፤ የካቲት 2016 ግን 2024 ነው። ሁሌ ሰባት ወይም ሁሌ ስምንት እየደመረ የሚቀይር ሰው የሥራ ልምዱን ራሱ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ማስረጃው ሲመጣ ደግሞ ቀኑ አይገጥምም። ያኔ የዋሸ ይመስላል።

ስምሽንም አይቻለሁ። ዲግሪሽ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍና ሲቪሽ ላይ ያለው በሁለት ፊደል ይለያያል። የኢሜይል አድራሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ የቁልምጫ ስም አለ። ሁሉም ቦታ ዲግሪው ላይ እንዳለው ጻፊ፣ እስከ አያት ስም። የፋይዳ መታወቂያሽም ላይ አጻጻፉ ከዲግሪው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። ኢሜይሉን በስምሽና በአባትሽ ስም አዲስ ክፈቺ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ አጎትሽ መደብር ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሠርተሽ ደብቀሽዋል! ዘመድ ቤት የተሠራ ሥራም ሥራ ነው። ሲቪሽ ላይ ከምረቃ በኋላ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ባዶውን ያየ ሰው ቁጭ ብላ ነበር ብሎ ያስባል። አንቺ ግን በዚያ ጊዜ የዕለት ሽያጭ መዝግበሻል፣ ገንዘብ ተቀብለሻል፣ ዕቃ ቆጥረሻል። ለጁኒየር አካውንታንት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የት አለ?

በሲቪ ላይ ስትጽፊው ግን «የሒሳብ ሥራዎችን እሠራ ነበር» ብለሽ አትለፊው። ይህን ማንም ይጽፈዋል። ምን ሠራሽ? ዕለታዊ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭን ከካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት ጋር ታስታርቂ ነበር? የወሩን የቫት ደረሰኞች ለይተሽ ለውጭ ሒሳብ ባለሙያው ታስረክቢ ነበር? የስንት ሠራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) አዘጋጅተሻል? የባንክ ማስታረቂያ ሠርተሻል፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከመደብሩ መዝገብ ጋር አመሳክረሻል? ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ገንዘብ) በእጅሽ ነበር? ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መዝግበሻል ወይስ ኤክሴል ላይ? እነዚህን በቁጥር ጻፊ፤ ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን። ለምሳሌ «የስድስት ሠራተኞችን ወርሃዊ ፔይሮል በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ታታሪና ታማኝ ነኝ ከሚል ሙሉ አንቀጽ የበለጠ ይናገርልሻል። ታታሪነትን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን ሣጥን የለውም።

ደብዳቤም ያስፈልግሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። አጎትሽ ስለሆነ አፍረሽ አትቅሪ። በድርጅቱ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ አስጽፊ። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂ። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና አንዳንድ ባንኮች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ከደመወዝሽ ግብር ይቆረጥ ከነበረ ይህም በደብዳቤው ይካተት። ካልነበረ ግን «ይቆረጥ ነበር» ተብሎ እንዲጻፍ አታድርጊ። እነዚያ ቦታዎች ላይ በዜሮ ዓመት አመልክቺ፤ ሌሎቹ ጋ ልምዱን አቅርቢ። ውሸት የገባበት ማስረጃ ከተቀጠርሽ ከዓመታት በኋላም ሊጣራ ይችላል። ሐሰተኛ ማስረጃ ደግሞ ከሥራ ከማሰናበት አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል።

አጎትሽን እንደ ሪፈረንስ፣ ማለትም ስለ ሥራሽ እንደሚመሰክር ሰው አታቅርቢው። የመደብሩን ሒሳብ ይሠራ የነበረው የውጭ ባለሙያ ሥራሽን ያውቃል፤ እሱን ጠይቂው። ሁለተኛ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረሽ መምህር ይሁን። ሁለቱንም ፈቃዳቸውን ሳትጠይቂ ስልካቸውን እንዳትጽፊ። ደውለንላቸው «ማን? አላውቃትም» ያሉ ሪፈረንሶች ብዙ ናቸው። ሰዎቹ ረስተው ነው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም።

ከሲቪሽ ላይ የሚወጡም አሉ። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት፣ የትውልድ ቀበሌ። እነዚህ ለሥራው አያስፈልጉም። ሕጉም በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ሠራተኞችን ማበላለጥ ይከለክላል። አንቺ ራስሽ ለማበላለጫ የሚሆን ነገር ለምን ታቀብያለሽ? ፎቶ ከተጠየቀ ብቻ አያይዢ። «ዓላማዬ» ብለሽ በእንግሊዝኛ የጻፍሽውን ከኢንተርኔት የተገለበጠ አንቀጽም አውጪው። ከመቶ ሲቪ ሰማንያው ላይ የማየው ይመስለኛል። ሲቪሽ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በታች ያለው ትምህርት አያስፈልግም።

የማመልከቻ ደብዳቤውን ብዙዎች አሁን በቻትጂፒቲ ያስጽፋሉ። መጠቀሙን አልከለክልም። ግን እንዳለ የተላከው ወዲያው ይታወቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ስለ ድርጅቱም ስለ አመልካቹም ምንም አይልም። አጭር፣ በራስሽ ቃል የተጻፈ ይሻላል። እንዲህ ቢሆን እኔን ይበቃኛል፦

«ጉዳዩ፦ ለጁኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል። ድርጅታችሁ ያወጣውን ማስታወቂያ አንብቤ ለዚህ መደብ አመልክቻለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከጥቅምት 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በገንዘብ ተቀባይነትና በሒሳብ መዝጋቢነት ሠርቻለሁ። በማስታወቂያው የተጠየቀውን የዕቃ ቆጠራና የባንክ ማስታረቂያ ሥራ በዚያ ጊዜ በየወሩ እሠራ ነበር። ማስረጃዎቼን በአንድ ፋይል አያይዣለሁ። በተባለው ቀን ለፈተና ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ። ከሠላምታ ጋር።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የድርጅቱን ስም፣ የመደቡን ስምና የማስታወቂያውን ቁጥር ካለው በትክክል ጻፊ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ለምስክር ወረቀት ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ አይሆንም። «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል» በዪ። በአካል የምታስገቢው ከሆነ መፈረምሽን አትርሺ።

አላላኩ ላይ ደግሞ ትንሽ ልናገር። አንድ ሰው ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ መታወቂያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ግማሹ በጥላ ተሸፍኖ፣ አሥር አሥራ አንድ ምስል አድርጎ ይልካል። ስማቸው ካሜራው የሰጣቸው ቁጥር ነው። ርዕሱ ባዶ ነው። እነዚህን አውርዶ የማን እንደሆኑ ለይቶ ለማስቀመጥ ጊዜ ያለው ሠራተኛ የለም። ሁሉንም አስቃኝተሽ አንድ ፒዲኤፍ አድርጊ፦ መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ሲቪ፣ ከዚያ ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ)፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ። ፋይሉን በስምሽና በመደቡ ስም ሰይሚው። የኢሜይሉ ርዕስ ላይም የመደቡን ስም ጻፊ። ባዶ ኢሜይል አትላኪ፤ ሁለት መስመር ሠላምታ ይኑረው። ከመላክሽ በፊት ለራስሽ ልከሽ በስልክ ክፈቺው፣ ይከፈት እንደሆነ እዪ።

«ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ይቅረቡ» የሚል ማስታወቂያ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ ነው የሚፈልገው። ዋናውን ዲግሪ እነሱ ጋ ትተሽ እንዳትመለሺ፤ ዓይንሽ እያየ ተመሳክሮ ይመለስልሽ። «በ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲል ደግሞ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ቴሌግራም ላይ ካየሽበት ቀን አይደለም። የቴሌግራም ቻናሎች ጋዜጣ ላይ የወጣን ማስታወቂያ ቀናት ቆይተው ይለጥፉታል። ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን ወይም የድርጅቱን የራሱን ገጽ ብታዪ ይሻልሻል፤ በወጣበት ቀን ካገኘሽው ሙሉ ጊዜ ይኖርሻል።

ስልክሽ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ስንት ሰው በዚህ ቀርቷል። ሲቪ ላይ የተጻፈው ቁጥር የድሮ ነው፤ ወይ ዝግ ነው፤ ወይ የማያውቁት ቁጥር ሲሆን አያነሱም። ጠሪው አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ሁለት ቁጥር ጻፊ፤ ሁለተኛው ቤት ያለ ሰው ይሁንና ሥራ እንደምትፈልጊ ይወቅ። ሲደወልልሽ የድርጅቱን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፊ። ሰዓቱን አረጋግጪ። በአማርኛ «4 ሰዓት» ሲሉሽ ጠዋት ነው፤ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ላይ ከሰዓት 4:00 ካለ ግን በእኛ 10 ሰዓት ነው። ፈተናው ካለቀ በኋላ በር ላይ የቆሙ ልጆችን አይቻለሁ፤ በሰዓት አቆጣጠር ብቻ። እኔንም ያመኛል።

አሁን «ሥራ በዘመድ ነው» ወደሚለው። የለም ብዬ አልዋሽሽም። አለ። ማስታወቂያ የሚወጣለት ሰው አስቀድሞ የታወቀበት ቦታ አለ። ነገር ግን ይህ አባባል አንቺን እየጎዳሽ ነው። ሲቪሽን ሳይ ይህን ያሰበ ሰው እንዳዘጋጀው ያስታውቃል፤ «ለማንኛውም ልላክ» ተብሎ የተላከ ነው። ሁለት ቦታ ጠርተውሻል። እነዚያ ቦታዎች ላይ ዘመድ የለሽም። በዚህ በተጓደለ ወረቀት ከጠሩሽ፣ በተስተካከለው ምን ያህል ቦታ ሊጠሩሽ እንደሚችሉ አስቢ። ደግሞም ሰው ማወቅ በራሱ ነውር አይደለም። ክፍል ጓደኞችሽ የት ገቡ? መምህሮችሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጆችሽ፣ የአጎትሽ ደንበኞች ሥራ እንደምትፈልጊ ያውቃሉ? «እዚያ ቦታ ወጥቷል» ብሎ መጠቆም አንድ ነገር ነው፤ መስፈርት ዘሎ ማስገባት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በግልጽ ጠይቂ። ስትጠይቂም «ማንኛውንም ሥራ» አትበዪ፤ «የጁኒየር አካውንታንት ወይም የገንዘብ ያዥ ቦታ» ብለሽ ጥሪው። ሰው የሚያስታውሰው የተለየ ነገር ሲነገረው ነው።

ገንዘብ ከፍለሽ ግን አትግቢ። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ይህን ያህል አዘጋጂ» የሚል ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ማንም የለውም። ለመቶ ሰው ያንኑ ይላል፤ ከመቶው በራሳቸው ጥረት ያለፉ ሲኖሩ ገንዘባቸውን ይይዛል። «የመመዝገቢያ»፣ «የፎርም»፣ «የሥልጠና» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቁም እንደዚያው ናቸው። ፈቃድ ያለው ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም ይህንኑ ይላል። ገንዘብ ከተጠየቅሽ እዚያው አቁሚ።

ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ስትባዪ ዝም ማለትሽ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። «እናንተ እንደፈቀዳችሁ» የሚለውም ያው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በጀቱ ውስጥ መሆንሽን ማወቅ ብቻ ነው። ማስታወቂያው «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ካለ «ስኬሉን ብትነግሩኝ» ብለሽ ጠይቂ። «በስምምነት» ካለ ግን ቁጥር ይዘሽ ግቢ። ከአንቺ በፊት የተመረቁና በዚያ ዓይነት ድርጅት የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ቀድመሽ ጠይቂ። ከዚያ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ተናገሪ።

አንድ ነገር አደራ፦ ያልተጣራውንና የተጣራውን አትቀላቅዪ። አካውንታንት ሆነሽ ይህን ብታበላሺ ደግሞ ፈተናውን ወደቅሽ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ያልተጣራ 15,000 ብር ብትስማሚ ግብሩ 3,200 ይሆናል። የጡረታ መዋጮሽ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 10,750 ብር ነው። 12,000 እጄ ይግባ ካልሽ ያልተጣራው 17,150 ገደማ መሆን አለበት። እንግዲህ «አሥራ ሁለት ሺህ እፈልጋለሁ» ብለሽ እሺ ብለው ቢያስፈርሙሽ የመጀመሪያው ወር ላይ የምትደነግጪው አንቺ ነሽ። ስትናገሪ «ያልተጣራ» የሚለውን ቃል ጨምሪበት። የትራንስፖርት አበልና ሕክምና ካለም ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሒሳብ የምታውቅ ሰው መሆንሽን ያሳያል።

የጽሑፍ ፈተናውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ለአንቺ ዓይነት ቦታ በብዛት የሚመጡት የጆርናል ምዝገባ፣ የእርጅና ቅናሽ ስሌት፣ የባንክ ማስታረቂያና የኤክሴል ሥራ ናቸው። ከተመረቅሽ ስለቆየሽ ደብተርሽን አውጪና በሳምንት ሁለት ቀን ሥሪ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሉሽ የቤተሰብ ታሪክ አትጀምሪ። ምን እንደተማርሽ፣ መደብሩ ውስጥ ምን እንደሠራሽ፣ ይህን ቦታ ለምን እንደፈለግሽ በሁለት ደቂቃ ተናግረሽ አቁሚ። ስለ መደብሩ ስትናገሪም ቀና ብለሽ ተናገሪ። «የአጎቴ ሱቅ ነበር፣ ብቻ...» ብለሽ ራስሽ አታሳንሺው።

ማመልከቻ የላክሽበትን ሁሉ በአንድ ደብተር ያዢው። የድርጅቱ ስም፣ መደቡ፣ የላክሽበት ቀን፣ የትኛውን ሲቪ እንደላክሽ። ከአንድ ድርጅት ሲደወል የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብሽ «ይቅርታ፣ የት ነበር?» ማለት አያምርም። የምዝገባው ጊዜ ካለቀ ሁለት ሳምንት ካለፈው አንዴ ኢሜይል ጽፈሽ ሁኔታውን ብትጠይቂ ችግር የለውም። በየቀኑ መደወል ግን ይቅር።

ማስተርሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት፣ ገንዘብሽንና ሁለት ዓመትሽን የሚነካ ስለሆነ ነው። መማር የምትፈልጊው ለመማር ብለሽ ከሆነ ደስ ይለኛል። ሥራ ስላጣሁ ከሆነ ግን አሁን አትጀምሪ። አንቺ የምታመለክቺባቸው የጁኒየር ቦታዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ማስተርስ ይዘሽ በዜሮ ዓመት ስታመለክቺ አንዳንዱ ቀጣሪ «ብዙ አትቆይም» ብሎ ይፈራል። የሥራ ልምድ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ማስተርሱ ልምዱን አይተካልሽም። ለትምህርቱ ካሰብሽው ገንዘብ ጥቂቱን አንስተሽ የፒችትሪና የኤክሴል ሥልጠና ውሰጂ፤ ከተረፈሽ የአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) አጭር ኮርስ ጨምሪበት። ማስታወቂያዎቹ ላይ በስም ሲጠየቁ የማያቸው እነዚህ ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተሽ፣ ወደ ኦዲት ትሂጂ ወይ ወደ ባንክ፣ ወይ ወደ ግብር ማማከር፣ ሥራው ራሱ ከለየልሽ በኋላ ማስተርሱን በማታ መማር ትችያለሽ። ያኔ የምትመርጪውንም የትምህርት ዘርፍ ታውቂዋለሽ። የተስተካከለውን ሲቪሽንና የመደብሩን ደብዳቤ ስትጨርሺ መልሰሽ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።